ፖስተኛው የማያውቀው ሰዓት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤቱና ለሚመለከተው ሁሉ፦ የቀኝ እግሬ ነጠላ ጫማ ከሰባት ዓመት ታማኝ አገልግሎት በኋላ ዛሬ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስንመለስ ማሰሪያዋ ተበጥሶ በክብር አርፋለች። ግራዋ በሕይወት አለች፤ ሐዘኗ ግን ከባድ ነው። ባለቤቴ ሟችን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወደ ቆሻሻው ወሰደቻት። የስንብት ንግግር ላድርግ ብል አልተፈቀደልኝም። ባለቤቴን ዳኛዋ ነው የምላት፤ በዚህ ቤት ይግባኝ የሌለው ፍርድ የሚሰጠው ከእሷ ዘንድ ነው።

ሁለተኛው ዜና ደግሞ ቁንጫ ከተማ ልትሄድ መሆኑ ነው።

ቁንጫ የልጅ ልጄ ናት። በሁለት ዓመቷ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ትከሻዬ ስትዘል ያወጣሁላት ስም ነው፤ ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቷት እንኳ አልለቀቃትም። ሙያዋ የሰው ጥርስ መሥራት ነው። በሰም ትቀርጻለች፣ በጀሶ ትገለብጣለች፣ ትሞርዳለች። ይቺ የፊት ጥርሴ የእጇ ሥራ ናት፤ ውሸቴን የማሳምረው በእሷ ነው። አሁን ለስድስት ሳምንት ስልጠና ተጠራች። በመጨረሻው ቀን የእጅ ፈተና አለ፤ ካለፈች የራሷን ቤት የምትከፍትበት ፈቃድ ይሰጣታል። ሦስት ዓመት ጠብቃዋለች።

ማታ ሸንጎ ተቀመጠ። ጉዳዩ፦ ልጅቷ የት ትረፍ?

ልጄ፣ የቁንጫ እናት፣ አስቀድማ ወስናለች። የሴቶች ማደሪያው። ከማሠልጠኛው ፊት ለፊት ነው፣ ዘበኛ አለው፣ በሩ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ቁንጫም እዚያ የሠለጠኑ ጓደኞቿን ጠይቃ በወረቀት ጽፋ መጥታለች፤ አንደኛ ተራ ላይ ያለው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት?

"ሁለት ሰዓት የሚዘጋ በር የዶሮ ቤት ነው" አልኩ። "እኔ ቁጭ ብዬ ልጄ ሰፈር በወረቀት ትፈልጋለች? ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፖስታ ያደልኩባት ከተማ እኮ ናት! ዓይኔን ጨፍኜ እዞራታለሁ።"

"ጨፍነህ ነበር እንዴ ስትሠራ የኖርከው?" አለች ዳኛዋ።

ሳቁብኝ። ሲስቁብኝ ደግሞ ይብስብኛል። ሰፈር የሚያውቀው ፖስተኛ ነው አልኳቸው። ጎረቤት የጎረቤቱን ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያቆይበት ሰፈር ደህና ሰፈር ነው። "አላውቀውም" ብለው በር የሚዘጉብህ ሰፈር ከሆነ ግን እግርህን አንሳ። በዚህ ሚዛን ከከተማው ሁሉ የልብስ ሰፊዎች ሰፈርን የሚስተካከል የለም፤ የምሳዬን ጊዜ የማሳልፈው እዚያ ነበር፣ ከወዳጄ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ደጃፍ። ከሱቁ ጀርባ የሚያከራያት አንዲት ክፍል ነበረችው።

ቁንጫ ወረቀቷን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። "አባባ ካለ እዚያ ነው የማርፈው" አለች።

"መጀመሪያ ደውለህ ጠይቅ" አለች ዳኛዋ።

እደውላለሁ አልኩ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

"ደወልክ?" ጠዋት። "ደወልክ?" ምሳ ሰዓት። "ደወልክ ወይ አንተ ሰውዬ?" ማታ።

ቁጥሩ በድሮው ደብተሬ ላይ አለ። ልደውል ነው። ከልብስ ሰፊው ጋር ከተነጋገርን ትንሽ ቆይቷል። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሚስቱ ስታርፍ ጉልበቴን አሞኝ ሳልሄድ ቀረሁ። ጉልበት ነው እንግዲህ፣ ያማል። ዳኛዋ ግን ያ ጉልበት በዚያው ሳምንት ለካርታ ጨዋታ ሁለቴ ዳገት ወጥቷል ትላለች። የሴት ልብ ቂም አይረሳም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ደወልኩ። ወዲያው አነሳ። መርፌውን በጥርሱ ይዞ ነው መሰለኝ ሳቁ እንደ ድሮው በአፍንጫው ወጣ። "ፖስተኛው! አለህ እንዴ በሕይወት?" አለኝ። ያንተ ልጅ የእኔም ልጅ ናት፣ ትምጣ፣ ክፍሏ ባዶ ናት አለ። ሰፈሩ እንደተውከው ነው፤ ዘበኛውም አለ፣ ውሻውም አለ። ስለ ጉልበቴም ጠየቀኝ።

ይህን ስነግራት ዳኛዋ ሽንኩርት መላጧን አቆመች።

"ውሻው?"

"አዎ።"

"ያ ቡናማው?"

"አዎ አልኩሽ።"

"ከዚያ ከተማ ከወጣን አሥራ ስምንት ዓመታችን ነው።"

"የልጅ ልጁ ይሆናላ። ዘር ነው።"

ትክ ብላ አየችኝና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።


እሑድ፣ ጥቅምት 10

ሸኘናት። ሻንጣዋ ግማሹ ልብስ፣ ግማሹ ሞረድና ሰም ነው። አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሆና ዞር አለች። "አባባ፣ እንደምመጣ ያውቃል አይደል?"

"ደጃፍ ቆሞ ይጠብቅሻል" አልኳት።

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ደጃፍ ያልኩት ለማሳመር ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የእኔ ሁለቱም አልታወቀኝም።


ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ደወለች። ደርሳለች። ክፍሏን አግኝታለች። እናቷ ካወራች በኋላ ስልኩን ተቀበልኩ።

"ልብስ ሰፊውስ?" አልኳት።

"ልብስ ሰፊው?" ብላ ደገመችው። "ሰላም ብሎሃል" አለች።

"ሰላም አለኝ?"

"በጣም። ስትደውል ደስ እንዳለው ነገረኝ።"

ስልኩን ለዳኛዋ ሰጥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንግዲህ ሰላም ካለኝ ሰላም ነው። ምን እፈልጋለሁ ሌላ? እራት ግን አልበላልህ አለኝ፤ ጨጓራ ነው።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ዛሬ ረጅም ወሬ አወራን። ቁንጫ የቀረጸችውን መንጋጋ ጥርስ አሠልጣኟ ለክፍሉ ሁሉ አዙራ አሳየችላት። "አንቺ እጅ አለሽ" አለቻት። ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌው ስለነበር እናቷ እንባዋ መጣ።

"ሰፈሩስ እንዴት ነው?" አለች እናቷ።

"ቀን ቀን ሰዉ እንደ ጉንዳን ነው።"

"ማታስ?"

"ማታ... ጸጥ ይላል።"

"ይኸው!" ብዬ ጮህኩ። "ጸጥታ! ምን አልኳችሁ? በዶሮ ቤታችሁ ይህ ይገኛል?"

ቁንጫ ሳቀች። ሳቋ ትንሽ አጠረብኝ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ስለ ሟች ነጠላ ጫማ ረጅም ንግግር አደረግሁላት። "ነጠላ ጫማ በተሞላ ከተማ ተቀምጠሽ አያትሽ በአንድ እግሩ ሲዘል ዝም ትያለሽ? ቁንጫው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?" አልኳት። አርባ ሁለት ቁጥር፣ ተረከዙ ክፍት።

"ከክፍል ስወጣ እገዛልሃለሁ" አለች።

ለቀልድ ያህል ነው ያልኩት።


ረቡዕ፣ ኅዳር 4

አልደወለችም። ረቡዕ ሁልጊዜ ትደውል ነበር። ጥናት በዝቶባት ይሆናል።


ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ልጄ ወጥ ቤት ሆና በስልክ ታወራለች። በሩ ገርበብ ብሏል።

"የቱ እጅሽ? ... የቱ ነው የምልሽ? ... ቀኙ?"

ከዚያ ወንበር ተሳበ።

ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። አንድ ገጽ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ።


ዓርብ፣ ኅዳር 6

የሆነው ይህ ነው። ረቡዕ አሥራ አንድ ተኩል ከክፍል ወጣች። ገበያ ሄደች። ስትመለስ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። መንገዱ ላይ ሁለት ሰዎች ከኋላዋ መጡና ቦርሳዋን ነጠቋት። ማንገቻው ትከሻዋ ላይ ነበርና ጎትቶ ጣላት። ቀኝ እጇ ከአንጓው ላይ ተሰበረ። ጮኸች። ማንም አልወጣም።

ማንም አልወጣም። ይህን ደግሜ መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱም በዚያ መንገድ እኔ አንድ ቀን ተደናቅፌ ደብዳቤ ሲበተንብኝ አሥራ አራት ሰው ነው ከየሱቁ ወጥቶ የለቀመልኝ። ቆጥሬያቸዋለሁ።

ልጄ በስልክ ትቆጣታለች። "በዚያ ሰዓት ምን አወጣሽ? ሕፃን ነሽ? ገበያ ለምን ነገር?"

ለምን እንደሄደች ቁንጫ አልተናገረችም። እኔ አውቃለሁ። እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ። አፌን ከፈትኩና "ውኃ ስጡኝ" አልኩ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

መጣች። ከጣቶቿ ሥር እስከ ክንዷ ድረስ ጀሶ። "ጀሶ ለጥርስ እንጂ ለእጅ ይሆናል ብለው አላስተማሩኝም" ብላ ቀለደች። ቀልዱን ከእኔ ነው የወረሰችው፤ መደበቂያ ማድረጉንም።

እናቷ እያቀፈቻት ትቆጣለች፣ እየተቆጣቻት ታለቅሳለች። "ሦስት ዓመት! በአንድ ቀን ግድ የለሽነት ሦስት ዓመት!" ግድ የለሽነት አለች። ቁንጫ አንገቷን ደፋች። እኔም ደፋሁ፤ ማንም ግን ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። የሽማግሌ አንገት ሁልጊዜም የተደፋ ነው።

በኋላ ብቻችንን ስንሆን ከሻንጣዋ አንድ ነጠላ ጫማ አወጣች። አንድ። ቡናማ፣ አርባ ሁለት ቁጥር።

"ሲሮጡ ይቺ ወደቀችባቸው" አለች። "የቀኝ ናት። ያንተም የሞተችው ቀኟ አይደለች?"

አድርጌያት ቤቱን አንድ ጊዜ ዞርኩ። በቀኝ አዲስ፣ በግራ አሮጌ። ዳኛዋ እግሬን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ምንም አላለችም። ፍርድ ሳትሰጥ ስትቀር ነው የምፈራት።


ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ጓሮ ፀሐይ እየሞቅን ነበር፣ ቁንጫና እኔ። ሳላስበው "ልብስ ሰፊው ያን ቀን ጩኸትሽን አልሰማም?" አልኳት። ለምን እንደጠየቅኳት አላውቅም። ምናልባት የምወቅሰው ሰው ፈልጌ ነው።

ጀሶዋ ላይ በጣቷ እየሳለች ቆየች።

"አባባ፣ ልብስ ሰፊው ከሞተ እኮ አራት ዓመቱ ነው።"

ፀሐይዋ እዚያው ነበረች። ጎረቤት ልብስ ያሰጣል።

"ሱቁን አሁን ልጁ ነው የያዘው፤ ስልክ ይጠግንበታል። የፖስተኛው የልጅ ልጅ ነኝ ስለው የጀርባዋን ክፍል ጠርጎ ሰጠኝ። በዚያ መንገድ አሁን የሚያድር ሰው የለም። ሁሉም ሱቅ ሆኗል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዘግተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እሱም ቤቱ ሌላ ቦታ ነው።"

"መቼ ነው ይህን ያወቅሽው?"

"የደረስኩ ዕለት።"

"ታዲያ ሰላም ብሎሃል ያልሽኝ?"

"እማዬ ትሰማ ነበራ" አለች። "በአንተ ላይ ትነሳ ነበር።"

አንድ ወር ሙሉ የሞተ ሰው ሰላምታ ስታመላልስልኝ ኖራለች፣ እኔ እንዳላፍር። ወደ ማደሪያው ልዛወር ብትል ለምን ተብላ ትጠየቅ ነበር፤ ስለዚህ አልተዛወረችም።

ጥቅምት 6 ያነጋገርኩት ሰው ማን ነበር ታዲያ? ምናልባት ልጁ አንስቶ ይሆናል። የአባትና የልጅ ድምፅ ይመሳሰላል። ይመሳሰላል።


ዓርብ፣ ኅዳር 20

የፈተናው ቀን። ልክ በፈተናው ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ሰም አስቀምጣ በግራ እጇ መቅረጽ ጀመረች። ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ በመዳፏ ይዛ አሳየችኝ።

"ምን ይመስላል?"

"የፍየል ጥርስ።"

"ፍየሏም ታማለች" አለች፣ ሳቅንም። ከዚያ እሷ መሳቋን አቆመች፤ እኔ ግን ቶሎ ማቆም አቃተኝ፤ ካቆምኩ ሌላ ነገር ሊመጣብኝ ነው።

ማሠልጠኛው ለመጋቢት ዙር ቦታ ይዞላታል። እናቷ ሰምታ "መጋቢትም ሰፈሩን አንቺ አትመርጪም!" አለቻት። አንቺ። ቁንጫ ቀና ብላ አየችኝ፣ ወዲያውም ዓይኗን መለሰች።

ያ እይታ ለሰባ ስድስት ዓመት ሰው ይከብዳል።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ከተማ ነኝ። ለዳኛዋ "የጡረታ ወረቀት አለኝ" አልኳት። "ሹራብ ያዝ" አለች፤ "ሲመሽ ይበርዳል።" የጡረታ ቢሮ ሲመሽ እንደማይከፈት እሷም ታውቃለች።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊዎች ሰፈር ገባሁ። እንዴት ያለ ሰፈር ነው! ሰዉ ይጋፋል፣ ሻጩ ይጠራል፣ አንዲት ሴት "አባቴ፣ ይቀመጡ" ብላ በርጩማ ሰጠችኝ። ቁንጫ ዛሬ ሰፈር ምረጥልኝ ብትለኝ እንኳ ይህንኑ እመርጥላት ነበር።

የልብስ ሰፊውን ልጅ አገኘሁት። ለእናቱም ለአባቱም ነፍስ ይማር አልኩ፣ ባንድ ጊዜ፤ አንዱ ዘጠኝ ዓመት፣ አንዱ አራት ዓመት ዘግይቶ። የአባቱ መቀስ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

"እርስዎ ነዎት ፖስተኛው?" አለኝ። "አባቴ ስልክ በጮኸ ቁጥር 'ፖስተኛው ይሆናል' ይል ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ። ልማድ ሆኖበት ቀረ።"

"ተቀይሞኝ አልነበረም?"

"ኧረ! ጉልበቱን አሞት ነው ይል ነበር።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጉልበቴን አምኖልኝ ነው የሞተው።

ከዚያ እዚያው ቆየሁ። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን የብረት መዝጊያዎቹ መውረድ ጀመሩ፣ ከዚህም ከዚያም፣ ጓ፣ ጓ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ በርጩማ የሰጠችኝ ሴትዮ መጥታ በርጩማዋን ወሰደች። "አባቴ፣ እዚህ አይምሹ" አለችኝ። ሁሉም ሄዱ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የበራው አንድ አምፖል ነው፣ እሱም ይርገበገባል። የማውቀው በር ሁሉ ተዘግቶ አንድ ረጅም የብረት ግድግዳ ሆነ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁና ብረቱ ላይ ተለጠፍኩ፤ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ የሚሮጥ ተማሪ ነበር። እሱም ፈርቷል።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት። በዚህ መንገድ ጠዋት ሦስት ሰዓት እገባለሁ፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ እወጣለሁ። በር ሁሉ ለእኔ የተከፈተው ፀሐይ ላይ ነው። ፖስታ ሲመሽ አይታደልም። አንድም ምሽት፣ አንድም ቀን፣ ይህን መንገድ ሲጨልም አይቼው አላውቅም ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ያልኩት እውነት ኖሯል።

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ማደሪያ ሄድኩ። መንገዱ በርቷል፤ ዳቦ መሸጫው ክፍት ነው፤ ሴቶች ሁለት ሦስት እየሆኑ እያወሩ ይገባሉ። ማዶ ቆሜ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ጠበቅሁ። ዘበኛው ተጠራጥሮኝ "አባት፣ ምን ፈልገው ነው?" አለኝ።

"የዶሮ ቤት ለማየት ነው" አልኩት። አልገባውም። ደግ ነው፤ በደንብ ይጠራጠራል።


ሐሙስ፣ ኅዳር 26

እራት ላይ ልጄ እንደገና ጀመረች። ቁንጫ ሳህን ማንሳት አቅቷት በግራ እጇ ስትታገል፣ "አየሽ የግድ የለሽነትን ዋጋ?" አለች።

"የእኔ ነው" አልኩ።

"ምኑ?"

"ግድ የለሽነቱ። ሰፈሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ገበያ የሄደችው ለእኔ ነጠላ ጫማ ልትገዛ ነው። እኔም አልደወልኩም ነበር።"

ልጄ ሹካዋን አስቀመጠች። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻል ነበር። ለረጅም ጊዜ አየችኝ፣ አንድ የማታውቀው ሰው በአባቷ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሁሉ። ከዚያ ወንበሯን ወደ ቁንጫ ስባ ያን ጀሶ በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። "ለምን አልነገርሽኝም?" አለቻት። እኔን አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ሳህኖቹን ሁሉ እኔ አጠብኩ።

ዳኛዋ እያደራረቀች አጠገቤ ቆመች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?" አልኳት።

"ከውሻው" አለች።


ዓርብ፣ ኅዳር 27

ልጄ ዛሬ ጠዋት "ሻይ ትፈልጋለህ?" አለችኝ። "አባዬ" አላለችም፤ ሻዩ ግን ስኳሩ ልክ ነበር። መጋቢት ቁንጫን ማደሪያው ድረስ የማደርሳት እኔ ነኝ። ጠዋት አይደለም፤ አመሻሽ ላይ እንገባለን። ይህ የዳኛዋ ፍርድ ነው፤ ይግባኝ አልጠየቅሁም።

ይህን ደብተር ለማንም ብዬ አልጽፈውም፤ ይሁንና በእሱም ላይ ዋሽቻለሁ። ጥቅምት 6 ቀን ስልኩን አንስቼ ቁጥሩን የመጨረሻው አሃዝ እስኪቀረኝ ድረስ ነካሁና ዘጋሁት። የሚስቱን ነገር ቢያነሳብኝ ምን እላለሁ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የፈጠራ ነው፤ "ትምጣ" ያለውም፣ ዘበኛውም፣ ውሻውም።

ከሁሉ የማፍርበት ግን ውሻው አይደለም፤ ሳቁ ነው። መርፌውን በጥርሱ ይዞ በአፍንጫው ሳቀ ብዬ ጽፌያለሁ። ቃሉን የፈጠርኩት እነሱን ለማሳመን ነበር፤ ሳቁን ግን ለማንም አልነገርኩም። ሳቁን የፈጠርኩት ለራሴ ነው።